የቴክኖሎጂ ጥያቄና መልስ፦ ሲንክ ካደረግን ባካፕ አለን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ፒያሳ የሒሳብ ሥራ ቢሮ አለን። የደንበኞቻችን የፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም) ፋይሎችና ስካን የተደረጉ ደረሰኞች አንድ ላይ 600 ጊጋባይት ገደማ ይሆናሉ። ካዛንቺስ ቅርንጫፍ ስንከፍት በሁለቱም ቦታ ባለሁለት ዲስክ ኔትወርክ ስቶሬጅ (ከቢሮው ኔትወርክ ጋር የሚገናኝ የፋይል ማስቀመጫ) ገዝተን፣ ፒያሳ የሚቀመጠው ሁሉ ወዲያው ካዛንቺስ እንዲደርስ በሲንክ አገናኘናቸው። ይበቃናል? (የሒሳብ ባለሙያ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አይበቃም። ከእሳት፣ ከሌባና ከዲስክ ብልሽት ያድናችኋል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ሴንተር (የሰርቨሮች ማዕከል) ሲቃጠል፣ ባካፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጥተዋል። ሲንክ ግን የታዘዘውን ያደርጋል። ጸሐፊዋ በስህተት የሰረዘችው ፎልደር ከደቂቃ በኋላ ካዛንቺስም የለም። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ፒያሳ ያለውን ሲቆልፍ፣ የተቆለፈው ፋይል በጤነኛው ላይ ይጻፋል። በየስቶሬጁ ያሉት ሁለት ዲስኮች በሬይድ 1 መደገማቸውም የሚጠቅመው አንዱ ዲስክ ሲሞት ብቻ ነው።

መደረግ ያለበት ይኼ ነው። ሲንኩን አጥፉና የካዛንቺሱ ስቶሬጅ ራሱ ማታ ማታ ፒያሳ ገብቶ እንዲወስድ አድርጉ። የሚገባበት አካውንት ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ይሁን። የካዛንቺስ ፓስወርድ ፒያሳ ባለ ኮምፒውተር ላይ በፍጹም እንዳይቀመጥ፤ የፒያሳን ኮምፒውተር የያዘ ሰው ወይም ቫይረስ ወደ ካዛንቺስ የሚያልፍበት በር አያገኝም። በዚያ ላይ የቆዩ ቅጂዎች ይያዙ፦ የ14 ቀን፣ የ8 ሳምንት፣ የ12 ወር። በየቀኑ የሚቀየረው 2 ጊጋባይት ያህል ከሆነና ሶፍትዌሩ ለውጡን ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ለዓመት ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ይበቃል።

የፒችትሪን ፎልደር ሰው እየሠራበት እንዳለ አትቅዱት። ከውስጡ ያለው ዳታቤዝ ክፍት ሆኖ ሲገለበጥ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ይሆናል፤ ቅጂው ያለ ይመስላል እንጂ ላይከፈት ይችላል። ማታ ሁሉም ከፕሮግራሙ ከወጡ በኋላ ከራሱ ከፒችትሪ ሜኑ ባካፕ አውጡ፤ የሚጓዘው ከዚያ የሚወጣው ፋይል ነው።

ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። ስቶሬጁ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብላችሁ 08:00 ከሞላችሁ ሥራው የሚጀምረው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ፒችትሪን በሚከፍትበት ሰዓት ማለት ነው። 02:00 ጻፉ፤ የሰዓት ቀጠናውም ጂኤምቲ ሲደመር 3 መሆኑን እዩ።

ሁለቱ ቢሮዎች የሚገናኙት በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) ይሁን። የስቶሬጁን መግቢያ ፖርት በራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ አደገኛ ነው። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ዴድቦልት የተባለው ራንሰምዌር የቆለፈው እንዲህ ክፍት የተተዉ የኪውናፕ ስቶሬጆችን ነበር። የራውተሩ የኢንተርኔት አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ የራሳችሁ የሕዝብ አድራሻ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የምትገኙበት) የላችሁም። ከሁለቱ ቢሮ አንዱ እንኳ ካለው ዋየርጋርድ የተባለው የቪፒኤን ፕሮግራም ይሠራል፤ ሁለቱም ከሌላቸው ያለ ሕዝብ አድራሻም የሚያገናኘው ቴይልስኬል ይሞከር።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ቅጂ አላልቅ አለ። መስመራችን አፕሎዱ 10 ሜጋቢት ነው፤ መሃል ላይ መብራት ይሄዳል። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በመስመር አትላኩት። ፋይላችሁ እንደ ፒያሳው ቢሮ ከሆነ፣ 600 ጊጋባይት በ10 ሜጋቢት፣ ሳይቋረጥና መስመሩን ማንም ሳይጋራው፣ አምስት ቀን ተኩል ይፈጃል። ሁለተኛውን ስቶሬጅ መጀመሪያው ቢሮ አምጡና በኬብል አገናኝታችሁ አንድ ሌሊት ቅዱ፤ ከዚያ አጥፍታችሁ በታክሲ ወደ ቦታው መልሱ። ከዚያ በኋላ የዕለቱ 2 ጊጋባይት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ዋናው ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ ዕቃውን ማምጣት ከማውረድ ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ አርሲንክን (ፎልደርን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚገለብጥ ፕሮግራም) በስክሪፕት እንጠቀማለን። መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት ሁለተኛው ቦታ ያለው ቅጂ ባዶ ሆኖ አገኘነው። ምን ነካው? (የአይቲ ሠራተኛ፣ ከሜክሲኮ)

መልስ፦ በጣም የሚጠረጠረው ዲሊት የሚለው አማራጭ ነው። ምንጩ በዩኤስቢ የተሰካ ዲስክ ከሆነ፣ መብራት ሲመለስ ዲስኩ ሳይነሳ ኮምፒውተሩ ይነሳል። ፎልደሩ ስሙ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። አርሲንክ ያንን ባዶነት እንደ እውነት ይቆጥረውና “ሁሉም ተሰርዟል” ብሎ ወዲያ ማዶ ያለውንም ይጠርገዋል፤ በመጨረሻም ያለ ስህተት ጨርሻለሁ ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዲስኩ ላይ “አለሁ” የምትባል ትንሽ ፋይል አስቀምጡ፤ ስክሪፕቱ መጀመሪያ እሷን ይፈልግ፣ ካጣት ምንም ሳይነካ ይቁም። ማክስ ዲሊት በሚለው አማራጭም በአንድ ጊዜ የሚሰረዘውን ብዛት ገድቡ፤ ለምሳሌ 200 ፋይል። የተቀባዩን ወገን ስናፕሾት (የዚያን ሰዓት ሁኔታ እንዳለ የሚያቆይ ቅጂ) መያዝ ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ቦታ ሰው የሌለበት መጋዘን ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማን ያስነሳዋል? (ከመርካቶ)

መልስ፦ ዕቃው ራሱ። መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምርጫ ከስቶሬጁ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ አብሩት። አለበለዚያ ጠፍቶ ወር ሊቆይ ይችላል፤ ማንም አያውቅም። ዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆየውን ባለባትሪ ዕቃ) በኃይል ገመድ ብቻ ሳይሆን በዩኤስቢ ገመድም ከስቶሬጁ ጋር አገናኙት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ስቶሬጁ በሥርዓት የሚዘጋው በዚያ ገመድ ሲነገረው ነው፤ ብዙዎች ይህን ገመድ ካርቶኑ ውስጥ ይተዉታል። የዩፒኤሱ ባትሪ በየ3 ዓመቱ ገደማ ይቀየር። የኢሜይል ማስጠንቀቂያው ደግሞ ባካፕ ሲከሽፍ ብቻ እንዲመጣ አታድርጉ፤ የጠፋ ዕቃ “ከሸፈብኝ” ብሎ አይጽፍም። በየማለዳው “ተሳካ” የሚል መልእክት ይላክ፤ ያልመጣበት ቀን ሰው ሄዶ ይይ።

የተሳካ የሚለውንም ቢሆን በወር አንድ ጊዜ ፈትኑት። የፒችትሪ ባካፕ ያለው ሰው ፋይሉን ባዶ ኮምፒውተር ላይ፣ እንደ አዲስ ድርጅት እንጂ በነባሩ ላይ ሳይደርብ፣ ይመልሰው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፒችትሪ ባካፑ ከወጣበት ያነሰ ቨርሽን ከሆነ አይቀበለውም። ከዚያ ትሪያል ባላንሱን (የሒሳቦቹን ማመዛዘኛ ዝርዝር) አውጥታችሁ ከታተመው ጋር አስተያዩ። ቅጂው በፓስወርድ የተቆለፈ ከሆነ፣ ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ ከሁለቱ ቢሮዎች ውጭ ሦስተኛ ቦታ ይቀመጥ።