ለእናትሽ የዓይን ሞራ የግድ ሌዘር አያስፈልግም

እህቴ፣ «እናቴን እዚሁ ጎንደር ላሠራት ወይስ ለሌዘር ብር እስካጠራቅም ትጠብቅ?» ላልሽው፣ እባክሽ አትጠብቂ።

ሌዘሩ፣ ማለትም የብርሃን ጨረሩ፣ የሚያግዘው መቁረጡን ነው። የዓይንን ሌንስ የያዘውን ከረጢት ይከፍታል፣ ሞራውን ይሰነጣጥቃል። ሞራውን ማውጣትና አዲሱን ሌንስ መትከል ያው የሐኪሙ እጅ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 785 ሰዎችን በሌዘርና በተለመደው የአልትራሳውንድ (ሞራውን በድምፅ ሞገድ የሚሰባብር) ቀዶ ሕክምና አወዳደረ። ከ3 ወር በኋላ እይታቸው ተመሳሳይ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የፈረንሳዩም እንዲሁ፤ እንዲያውም ሌዘሩ ወጪውን አያዋጣም አለ።

እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚሠራው ደግሞ በትንሽ ቀዳዳ፣ በእጅ ነው። እሱም ኔፓል ውስጥ ከአልትራሳውንዱ ጋር ተወዳድሮ ከ6 ወር በኋላ ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኗል።

የኔ እናት የተሠራችው በእጅ ነው። ፋሻው በተነሳ በሳምንቱ ትሪውን ታቅፋ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ጠጠሯን በጥፍሯ አንስታ አሳየችኝ። እንባዬ መጣ።

ይልቅ ስኳር ወይም ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ) ይኖርባት እንደሆነ አስቀድመሽ አስመርምሪ። ከመሣሪያው ይበልጥ እይታዋን የሚወስነው እሱ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው፣ ከዚያ ጀምሪ። ከተሠራች በኋላም የዓይን ጠብታውን ሰዓቱን ጠብቀሽ አድርጊላት።