መልስ፦ ኢንዲዛይን (የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ላይ አማርኛ ጀስቲፋይ ሲደረግ (መስመሩ ግራና ቀኝ እኩል ሲሆን) በቃላት መሀል ያለው ክፍተት እየሰፋ አስቸገረኝ

ወንድሜ ችግሩ ያንተ አይደለም፣ ኢንዲዛይን የአማርኛን ቃል የት እንደሚቆርጥ አያውቅም፣ አንተ ደግሞ ቀጭን ኮለም ላይ እንደ "ስለሚያስፈልጋቸውም" ያለ ረጅም ቃል ስትሰጠው መቁረጥ ስላልቻለ ወደ ታች ይጥለውና የቀሩትን ሦስት ቃላት እስከ ጠርዝ ድረስ ይለጥጣቸዋል፣ ያ ነው የሚያስጠላው ክፍተት።

መጀመሪያ ሃይፌኔት የሚለውን (ቃል በሰረዝ የሚቆርጠውን) አጥፋው፣ አማርኛ ላይ ሰረዝ ማየት እኔን በበኩሌ ያመኛል። የድሮ የብራና ጸሐፊዎቻችንኮ ቃሉን መሀል ላይ ቆርጠው ያለ ምንም ሰረዝ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገሩ ነበር፣ ቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለነበር ማንም አይደናገርም። አንተም በጣም የሚያስቸግር ቃል ላይ ከታይፕ ሜኑ ኢንሰርት ብሬክ ካራክተር ገብተህ ዲስክሬሽነሪ ላይን ብሬክ ብታስገባ ያለ ሰረዝ ይቆርጥልሃል።

ከዛ ጀስቲፊኬሽን (የርቀት ማስተካከያው) ውስጥ ዎርድ ስፔሲንግ (የቃላት ርቀት) በመቶኛ ትንሹ፣ የሚፈለገውና ትልቁ 80፣ 100፣ 133 ሆኖ ነው የሚመጣው፣ እሱን ተወውና ሌተር ስፔሲንጉን (የፊደላት ርቀት) -2፣ 0፣ 3፣ ግሊፍ ስኬሊንጉን (የፊደል ወርድ) 98፣ 100፣ 102 አርገው፣ ዓይን አይለየውም ግን ክፍተቱ በጣም ይቀንሳል። ኮምፖዘሩም (መስመር የት እንደሚቆረጥ የሚወስነው) ሙሉ አንቀጹን የሚያየው ፓራግራፍ እንጂ አንድ አንድ መስመር የሚያየው ሲንግል ላይን አይሁን።

አንድ መስመር ብቻ ተለይቶ ከተለጠጠ ግን መጨረሻው ላይ ሺፍት ኢንተር ተመትቶ ይሆናል፣ እሱን አጥፋው። አራት ነጥቡንም እያት፣ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ተመትቶ የተሠራ ከሆነ ፊደል ሲራራቅ እሱም አብሮ ይላቀቃል፣ በፋይንድ ቼንጅ (ፈልጎ መቀየሪያው) ሁሉንም ወደ ። ቀይረው።