«እናቴን ይዤ ሮም ልሄድ ነው፣ ሌባው እንዴት ነው?» ላልሽው

እህቴ፣ እናትሽን ይዘሽ ለአምስት ቀን ሮም እንደምትሄጂ፣ «በጠራራ ፀሐይ ይዘርፋሉ» ሲሉሽ እንደፈራሽ ጽፈሻል። ሰባት ዓመት እዚያ ኖሬአለሁ። ተቀብዬ ያዞርኩት እንግዳም ብዙ ነው። ቢላ መዝዞ ያስቆመኝ ሰው የለም። ኪስ አውላቂ ግን አለ፣ ያውም ሙያውን የተካነ።

እኔ ራሴ የአውቶቡስ ተራ ልጅ ስለሆንኩ «እኔን ማን ይሸውደኛል» እል ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ አክስቴን ይዤ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጣሁ። ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» ነው፤ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። እጄን እያወናጨፍኩ ስተርክ አንድ ሰው ካርታ ዘርግቶ መንገድ ጠየቀኝ። ደስ ብሎኝ አሳየሁት። ዞር ስል የአክስቴ ትንሿ ሻንጣ የለችም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። አክስቴ እስከ ዛሬ «ጣሊያን የአሉላን ብድር መለሰ» እያሉ ይስቁብኛል።

ዘዴው ሁሉ ያው ነው። መጀመሪያ ዓይንሽን ይወስዱታል፣ ከዚያ ዕቃሽን። መርካቶ ልብስሽ ላይ ተፍቶ «ይቅርታ» እያለ የሚጠርግልሽን ሰውዬ ካወቅሽ ሮምንም ታውቂያታለሽ። ስለዚህ ሻንጣ ይዛችሁ ስትቆሙ አንዳችሁ ብታወሩ አንዳችሁ ዕቃ ጠብቁ።

ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በዚህ ነገር ስሙ የወጣ ነው። የግድ ከሆነ ቦርሳሽን ወደ ደረትሽ አዙሪው፣ ስልክሽንም በር አጠገብ አታውጪ። የምድር ባቡር ላይም በሩ ሊዘጋ ሲል ድንገት ግፊያ ከተነሳ ተዉትና ቀጣዩን ጠብቁ። ብዙም አይቆይም።

ኮሎሲየም አካባቢ ደግሞ «ሲስተር! አፍሪካ!» እያለ የሚመጣ ወንድማችን አለ። በነፃ ነው ብሎ እጅሽ ላይ ክር ያስርና ገንዘብ ይጠይቃል። እናቶች ክር ሲያዩ ከገዳም የመጣ በረከት ይመስላቸዋል፤ እባክሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እጅን ኪስ ከትቶ «አመሰግናለሁ» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ወርቁ አዲስ አበባ ይቅር። ለገንዘብና ለፓስፖርት እናትሽ መቀነታቸውን ይታጠቁ፤ ከእሱ የተሻለ ነገር አላየሁም። አንቺ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ቀጭን ቦርሳ ከልብስ ውስጥ አድርጊ። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ፎቶ ስልክሽ ላይ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብም ላኪ፣ ስልኩም ሊሰረቅ ይችላላ። ከተሰረቃችሁ 112 ደውሉ። ከዚያ ካራቢኔሪ (የጣሊያን ፖሊስ) ጣቢያ ሄዳችሁ «ዴኑንቻ» የሚባለውን የስርቆት ማመልከቻ አስሞሉ። ፓስፖርት ከሆነ የጠፋው፣ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ለሊሴ ፓሴ (ፓስፖርት ለሚተካው ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) ወደ ኤምባሲያችን ነው።

አንድ ከሌባ ጋር የማይገናኝ ነገር፦ እናትሽ ደክሟቸው ፒያሳ ዲ ስፓኛ ያለው ትልቁ ደረጃ ላይ እንዳይቀመጡ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ፖሊስ ፊሽካ ይነፋል፣ ቅጣትም አለው።

ስንት ሰዓት እንደምትደርሱ አልጻፍሽም። ቀን ከሆነ ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለውን ባቡር ያዙ፤ 14 ዩሮ ነው፣ በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ያደርሳችኋል። ሌሊት ከሆነ ግን ውስጥ ድረስ መጥቶ «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚላችሁን አትከተሉ። ውጭ ከሚሰለፉት ነጫጭ ታክሲዎች ያዙ፣ ዋጋውንም ሳትሳፈሩ ጠይቁ። ሰዓቱን ጻፊልኝ።