የረጠበ እንጨት አይሸፈንም፦ ስለ አሮጌ ጀልባ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ስለ አሮጌ ጀልባ የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ጀልባው ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሞተሩ ይነሳል። ውስጡ ግን ውሃ ይዟል።

ከመልሶቹ በፊት ይህን ልበል። ፋይበር ግላስ ራሱ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው በሁለት የፋይበር ንጣፍ መካከል የተደበቀው እንጨት ነው። ብዙ ጀልባዎች፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ የተሠሩት፣ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳቸው፣ ወለላቸውና ወለሉን የተሸከሙት ሞራሌዎች እንጨት ናቸው። በደንብ ያልታሸገ አንድ የብሎን ቀዳዳ ካለ ውሃው በዚያ ይገባል። መውጫ ግን የለውም።

«ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እ.ኤ.አ. የ1994 ሥሪት የሆነ ባለ 19 ጫማ ጀልባ ከነተሳቢው በ3,500 ዶላር አገኘሁ። ወለሉ አንድ ቦታ ላይ ሲረገጥ ለስለስ ይላል። ሻጩ ‹ምንጣፉ ነው እንጂ ምንም የለውም› ይላል። ልግዛው?»

ሲረገጥ የሚሰምጠው ምንጣፍ አይደለም፣ ወለሉ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ጀልባው ተሳቢው ላይ እንዳለ አንድ ሰዓት ይስጡት።

የፕላስቲክ መዶሻ ይያዙ። ከሌለዎት የካቻቢቴ እጀታም ይሆናል። መጀመሪያ ጤነኛ መሆኑን ከሚያምኑት ቦታ፣ ከጎኑ ከፍ ካለው በኩል፣ መታ መታ ያድርጉ። ጆሮዎ ድምፁን ይልመደው። ከዚያ በየአራት ጣቱ እየመቱ ወደ ኋላ ግድግዳው ይሂዱ፣ ወለሉንም ያዳርሱ። ጤነኛው ጠጠር ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የረጠበው ወይም የተላቀቀው «ዱፍ» ይላል። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ። ሲጨርሱ ትንሽ ራቅ ብለው ይዩት። ጉዳቱ የት እንደጀመረና እስከየት እንደሄደ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቀጥለው ሞተሩን ከታች በኩል ይያዙትና ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዙት። ዓይንዎ ሞተሩ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ይሁን። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ወይም ጥጉ ላይ ስንጥቅ ከተከፈተ ውስጡ አልቋል ማለት ነው።

የመጨረሻው የሻጩን ፈቃድ ይፈልጋል። ከግድግዳው ዝቅተኛ ቦታ አንድ ብሎን ይፍቱ፤ የጥልቀት መለኪያው የታሰረበት ብዙ ጊዜ ጥሩ ምስክር ነው። ውሃ ከተንጠባጠበ፣ ወይም ብሎኑ ጥርሱ ላይ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ይዞ ከወጣ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም። ሻጩ «አንዲት ብሎን አላስፈታም» ካለ ደግሞ አመስግነው ይሂዱ።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያም አለ። ላዩ ረጥቦ ያደረ ጀልባ ላይ ወይም ብረት አጠገብ ሲሆን ግን ስለሚያሳስት ብቻውን አይመኑት። እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ ባለሙያ መርማሪ ይቅጠሩ። አሜሪካ ውስጥ ሳምስ እና ናምስ የሚባሉ የመርማሪዎች ማኅበራት አሉ፤ አባሎቻቸውን ፈልገው ማግኘት ይችላሉ።

እኔ ብሆን በ3,500 አልገዛውም። ወለሉ ሲለሰልስ ከሥሩ ያሉት ሞራሌዎችም አብዛኛውን ጊዜ ተነክተዋል። ድርድሩን በሞተሩና በተሳቢው ዋጋ ብቻ ያድርጉት። ቀፎውን፣ ማለት የጀልባውን አካል፣ በዜሮ ይቁጠሩት።

«ባሕር ዳር ጀልባ አለኝ። ጎብኚና ምዕመናን ወደ ዘጌ ገዳማት አመላልሳለሁ። ከሰው የገዛሁት የፋይበር ጀልባ ነው። ዘንድሮ ፍጥነቱ ወረደ፣ ቤንዚን ይበላል፣ ጀርባውም ወደ ውሃው ዝቅ ብሏል። መካኒኩ ‹ሞተሩ ደክሟል› ይላል።»

ሞተሩም ደክሞ ሊሆን ይችላል። ጀልባ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው ግን ሞተር ስለደከመ አይደለም። ክብደት ስለጨመረ ነው።

የከፍታውን ነገር የሚያነሱም አሉ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ የነበረውን ጉልበት ጣና ላይ አይሰጥም። ይህ ግን ጀልባውን ከገዙበት ቀን ጀምሮ የነበረ ነው። ዘንድሮ የመጣ ለውጥ ሌላ ምክንያት አለው።

በብዙ የፋይበር ጀልባዎች ከወለሉ ሥር ጠንካራ ፎም ይሞላል። ጀልባው ውሃ ቢገባበት እንኳ እንዳይሰጥም ነው። ፎሙ አዲስ ሲሆን ውሃ አይጠጣም። ለዓመታት ውሃ ውስጥ ሲተኛ ግን ቀስ እያለ ይጠጣል። 100 ሊትር ከጠጣ አንድ ኩንታል ተጭኖበታል ማለት ነው፤ ሰው ሳይሳፈር፣ ጠዋትም ማታም።

ለማረጋገጥ ጀልባውን ከውሃ ያውጡና ከወለሉ ሦስት ቦታ ክብ ቀዳዳ ይቁረጡ፤ ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ። ሲቆርጡ የቤንዚን ጋን ወይም ቱቦ ከሥር አለመኖሩን አስቀድመው ይወቁ። ከየቀዳዳው ጭብጥ የሚያህል ፎም ያውጡና በእጅዎ ይጭመቁት። ውሃ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚርሰው የኋላው ነው። የፊቱ ደረቅ ሆኖ የኋላው ውሃ ካንጠባጠበ፣ መካኒኩ ሞተሩን ቢፈታም የሚያገኘው ነገር የለም።

የራሰ ፎም ፀሐይ ላይ ስላስቀመጡት አይደርቅም። ወለሉ ተነስቶ ፎሙ ተቆርጦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው እንጨት ይታያል፤ ጤነኛው ይደርቃል፣ የበሰበሰው ይለወጣል። ለዚህ ሥራ ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ይሻላሉ። የካቲትና መጋቢት አየሩ ደረቅ ነው፣ ሙቀትም አለው። ክረምት ላይ የተከፈተ ወለል ግን ሳይደርቅ ይከርማል።

ከቤንዚኑ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ውሃ የጠጣ ፎም ጀልባው ሲሞላ አያንሳፍፍም። የጣና ንፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ እስኪጠገን ድረስ እባክዎ የሚጭኑትን ሰው ይቀንሱ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ይሂዱ። የሕይወት አድን ጃኬት ወንበር ሥር ሳይሆን ሰው ላይ ይሁን። ከጥገናው በኋላም ጀልባው ሥራ በሌለው ቀን ከውሃ ይውጣ። የደንገል ታንኳ ያላቸው ሰዎች ታንኳቸውን ዳር አውጥተው የሚያደርቁት ለዚሁ ነው።

«ሐዋሳ ነኝ። የጀልባዬ የኋላ ግድግዳ በስብሷል። የመኪና ላሜራ የሚሠራ ወዳጄ ‹የላላውን ፍቄ፣ በስቱኮ ሞልቼ፣ ሁለት ድርብ ፋይበር አለብሰዋለሁ› አለኝ። ይሆናል?»

አይሆንም። ስቱኮ ለመኪና በር ጥሩ ነው። የሞተር ክብደትና ግፊት ግን አይሸከምም፣ ራሱም ውሃ ይጠጣል። ዋናው ችግር ደግሞ ከሥሩ ያለው እርጥብ እንጨት ነው። ፋይበሩን የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ ሬዚን፣ እርጥብ እንጨት ላይ አይይዝም። እንጨቱን የሚበላው ፈንገስም የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ካልወረደ ሥራውን አያቆምም። ሲሸፍኑት እርጥበቱን ይቆልፉለታል። ጨው ፈንገስን ይገታል፤ የሐይቅና የዝናብ ውሃ ግን ይመቸዋል።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ሞተሩን ያውርዱ። ቀፎው ቅርፁን እንዳይለቅ ከሥርና ከጎን ይደግፉት። ከውስጥ በኩል ያለውን የፋይበር ንጣፍ ቆርጠው ያንሱ። የውጪውን ይተዉት፣ ቅርፁን የሚጠብቅልዎት እሱ ነው። የበሰበሰውን በመሮ እየፈለፈሉ ያውጡ። ጤነኛው እንጨት ጋ ሲደርሱ አንድ ስንዝር አልፈው ይቁረጡ፤ ፈንገሱ ዓይን ከሚያየው በላይ ይሄዳል። ከዚያ ሸራ ከላይ ጥለው፣ ንፋስ በጎን እንዲገባ አድርገው ያድርቁት። እዚህ ላይ አይቸኩሉ።

አዲሱ ኮምፔንሳቶ ውሃ በማይፈታው ሙጫ የተጣበቀ መሆን አለበት። ሻጩን ከመጠየቅ ቁራጭ ወስደው ለአንድ ሰዓት ያፍሉት። ንጣፎቹ ከተላቀቁ አይሆንም። በብዙ አነስተኛ ጀልባዎች የዚህ ግድግዳ ውፍረት 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ባለ 18 ሚሊ ተጣብቀው ከፋይበሩ ጋር እዚያው ይደርሳሉ። ግን የእርስዎን ለክተው ይከተሉ፤ የሞተሩ መያዣ የሚገባው በዚያ ልክ ነው። የእንጨቱን ጠርዝ ዙሪያውን ኢፖክሲ የተባለውን ጠንካራ ሬዚን ያጠጡት። ውሃ በብዛት የሚገባው በጠርዝ በኩል ነው።

አዲሱ ፋይበር ከድሮው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የድሮውን በግራይንደር እያሳሱ ተዳፋት ያድርጉት። የንጣፉ ውፍረት 5 ሚሊ ከሆነ ተዳፋቱ 60 ሚሊ ያህል ይርዘም። ይህን ያልተሠራለት ፋይበር ላዩ ላይ ተለጥፎ ይቆይና በመጀመሪያው ማዕበል ይላቀቃል።

ኢፖክሲ ፖሊስተር ከሚባለው ሬዚን ዋጋው ይወደዳል፤ ለዚህ ቦታ ግን ገንዘብዎን አይሰስቱ። ከድሮ ፋይበርም ከእንጨትም ጋር አጥብቆ ይይዛል። ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ ማጠንከሪያውን ከልኩ በላይ እንዳትጨምሩ፣ በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል። ብዙ አድርጎ በአንድ ጣሳ መበጥበጥም አደገኛ ነው። ይግላል፣ ያጨሳል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ፋይበር ሲፈጭ ደግሞ አፍ ላይ ጨርቅ ማሰር አይበቃም። የአቧራ ማጣሪያ ያለው ጭምብልና የዓይን መከላከያ ይግዙ፤ ለወዳጅዎም ይግዙለት። እጁ የተፍታታ ሰው ከሆነ ይህን ሥራ ይወጣዋል፣ አሠራሩን ብቻ ይለውጥ።

አንድ ሌላ አንባቢም «ግድግዳውን ሳልከፍት ትንንሽ ቀዳዳ በስቼ ኢፖክሲ ብወጋውስ?» ብሎኛል። ቀዳዳው ውስጥ ያለው እንጨት ረጥቦ ሳለ ኢፖክሲው የሚገባበት ቦታ የለውም። ከየቀዳዳው ዙሪያ ጥቂት ይጠነክራል፣ መካከሉ መበስበሱን ይቀጥላል።

«ሚኒሶታ ነኝ። ያገለገለ ጀልባ ገዝቼ የሞተሩን የታችኛውን ካምቢዮ ዘይት ስለውጥ ነጣ ያለ፣ ወተታማ ሆኖ ወጣ። እስከ ፀደይ ይቆይልኛል?»

አይቆይም፣ ከውርጩ በፊት ያሠሩት። ዘይቱን ያነጣው ውሃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው ውሃውን የሚገፋው የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ባለው የጎማ ቀለበት በኩል ነው፤ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ ይቆርጠዋል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። በእናንተ አገር ብርድ ካምቢዮው ውስጥ ከቀዘቀዘ ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል። ቀለበቱን ማስለወጥ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ወጪ ነው። ዛሬ ማታ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር አለ፦ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያፍስሱ፣ ውሃ ይዞ አይደር።

«ሲያትል ያየሁት ጀልባ ከውሃው መስመር በታች ሽፍታ የመሰለ እብጠት ሞልቶታል። በስብሷል ማለት ነው?»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ውሃ በላይኛው ልባስ ውስጥ ቀስ እያለ አልፎ ፋይበሩ ውስጥ ካሉ ኬሚካሎች ጋር ሲዋሐድ እንዲህ ያብጣል። ሲበሳ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣል። ግፊት ስላለው የዓይን መከላከያ አድርገው ይብሱት። ጥቂት እብጠት ዋጋ ለማስቀነሻ ይጠቅማል እንጂ ጀልባ አያስጥልም። ሰፋፊና ጥልቅ ከሆኑ ግን ባለሙያ ይይልዎት።

«ቨርጂኒያ ነኝ፣ ጀልባዬ እስካሁን ደረቅ ነው። አዲስ ወንበር ላስር ነው። ብሎኑን በሲሊኮን ባሽገው ይበቃል?»

ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል፤ ሳይበላሽ የጠየቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሲሊኮን አይጠቀሙ። ከተላቀቀ በኋላ የሚተወው ቅባት ቀለምም ኢፖክሲም እንዳይይዝ ያደርጋል። ይልቅ ቀዳዳውን ከብሎኑ ሰፋ አድርገው ይብሱ። ከሥር በፕላስተር ይድፈኑት። ኢፖክሲ ወፈር አድርገው ይሙሉትና ይጠንክር። ከዚያ በመካከሉ የብሎኑን ልክ ይብሱ። አሁን ብሎኑ እንጨቱን አይነካም። ማሸጊያው አንድ ቀን ቢላላ እንኳ ውሃው የሚያገኘው ኢፖክሲ ነው። ለማሸጊያ ለጀልባ የተሠራ ፖሊሰልፋይድ ወይም ፖሊዩሬቴን ይጠይቁ።

«አንድ ደላላ ከፍሎሪዳ የመጣ ጀልባ በግማሽ ዋጋ አቀረበልኝ። ጥሩ ዕድል ነው?»

ምናልባት። ግን ፍሎሪዳ አውሎ ነፋስ ይመታታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ብቻ ብዙ ጀልባ ሰባብሮ አስጥሟል። ሰጥሞ የወጣ ጀልባ ታጥቦ፣ ምንጣፍ ተነጥፎለት ሌላ ግዛት ይሸጣል። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ጫፍ ትንሽ ልጠው ይዩ፤ መዳቡ ከጠቆረ ውሃ ገብቶበታል። የመቀመጫውን ትራስ ዚፕ ይክፈቱ። ከወለሉ ሥር እጅዎን ሰደው ደለል ይፈልጉ።

ከኅዳር 1972 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጀልባ ሁሉ ከኋላ ግድግዳው በቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ተቀርጾበታል። ያንን ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር ያመሳክሩ፤ የመድን ካሳ ተከፍሎበት እንደሆነም ያጣሩበት። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ቀለም ተቀብቶበት ካገኙት ቀብድ እንኳ አይስጡ።