ካህን ጦር ሜዳ ምን ይሠራል? ከግዳጅ የተመለሰ ልጅስ ከምን ይጀምር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጄ ወታደር ነው፤ ከግዳጅ ተመልሶ ለእረፍት መጥቷል። እሑድ አብሮኝ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ ግን ከቅጥሩ በር አያልፍም። ውጭ ቆሞ ተሳልሞ ይመለሳል። ምን ሆነሃል ስለው፣ "እዚያ እያለሁ የሚናዝዘኝ ቄስ አልነበረም፤ አሁን ምን ብዬ ልግባ?" ይለኛል። ይህን ለጎረቤቴ ባጫውታት፣ "ቄስ ጦር ሜዳ ምን ሊሠራ ነው? ጠመንጃ ሊባርክ?" አለችኝ። እውነት ካህን ከሠራዊት ጋር ቢሄድ ሥራው ምንድን ነው? ልጄስ ከምን ይጀምር?

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ልጅዎ በሰላም ገባልዎ።

ጎረቤትዎ በሹፈት ቢያነሡትም ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። ጠመንጃ መባረክ የካህኑ ሥራ ነው ብለው የሚያስቡ ወታደሮችም አሉ። ካህናትም አይጠፉም።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20ን ያንብቡት። ሕዝቡ ወደ ሰልፍ ሲቀርብ ካህኑ መጥቶ ይናገራል። የሚናገረውም ለሰዎቹ ነው፤ አትፍሩ፣ ልባችሁ አይታወክ ይላቸዋል። ወዲያው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይመልከቱ። አዲስ ቤት ሠርቶ ያልገባበት ይመለስ፣ ወይን ተክሎ ያልበላለት ይመለስ፣ አጭቶ ያላገባ ይመለስ፣ ልቡ የፈራም ይመለስ ይላል። በእውነት ግሩም የጦር ሕግ ነው፤ ገና ሳይዘመት ሰው ወደ ቤቱ ይሸኛል።

በእኛም አገር ካህን ከዘማች ተለይቶ አያውቅም። አፄ ምኒልክ "ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ" ብለው ያወጁት ከደሴ ሩቅ ላልሆነችው ለእኛዋ ወረኢሉ ነበር። ከዚያ ወደ ዐድዋ ሲኬድ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ወጥቷል፤ አቡነ ማቴዎስም አብረው ዘምተዋል። ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ታቦቱን ሁሉም ያነሣዋል። ዘማቹን ሲያናዝዙ፣ ሲያቆርቡ፣ የሞተውን ሲፈቱና ሲቀብሩ የነበሩትን ካህናት ግን ማን ያስታውሳቸዋል?

ደሴ ራሷ ምስክር ናት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ወሎን ጭምር ይጠብቁ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ ሠራዊቱን ተከትለው እስከ ማይጨው ሄደዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን አዲስ አበባ ላይ በጥይት ሲገደሉ በእጃቸው የነበረው መስቀል ነው።

ካህን መሣሪያ አይይዝም። ሥጋ ወደሙን የሚያከብር እጅ ደም አያፈስም፤ ቤተ ክርስቲያን በዚህ አትደራደርም። የዓለም ሕግም እዚህ ላይ ይገጥማል። በ1949 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶች መሠረት የሠራዊት ካህን ተዋጊ አይደለም፤ ሊጠቃ አይገባም። በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ እንደ ጦር ምርኮኛ አይቆጠርም። ከተያዘም የሚያዘው የተማረኩትን ወገኖቹን እንዲያገለግል ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ሰው ልንገርዎ። ኤሚል ካፓውን የአሜሪካ ጦር ካህን ነበሩ፤ ካቶሊክ ናቸው። በሃይማኖት ባንገናኝም ሥራቸው ይነገራል። በ1950 (እ.ኤ.አ.) የእኛው ቃኘው ሻለቃ በኋላ በዘመተባት ኮሪያ ጦሩ ተከበበ። ማምለጥ ሲችሉ ቁስለኞቹን ትቼ አልሄድም ብለው ተማረኩ። እስር ቤቱ ብርድና ረሃብ ነበር። ካህኑ የጣሪያ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ድስት ሠሩ። በረዶ አቅልጠው ለታመሙት ውሃ ያፈሉበት ነበር። የቁስለኞችን ልብስ ያጥቡ ነበር። ከጠባቂዎቹ ጎተራ እህል እየሰረቁ ለእስረኛው ያካፍሉም ነበር (ስርቆቱን ለነፍስ አባታቸው እንተውላቸው)። በግንቦት 1951 (እ.ኤ.አ.) እዚያው አረፉ። ለጎረቤትዎ ይህን ይንገሯቸው።

የካህኑ ሌላው ሥራ ወታደሩ የማይወደው ነው። ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት፣ "በማንም ግፍ አትሥሩ፣ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ" አላቸው። ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። በርቱ ብሎ ብቻም አልሸኛቸውም። የሰው በር ሰብሮ ለሚገባ፣ እጁን በሰጠ ሰው ላይ ለሚጨክን፣ ተው የሚለው ሰው ከመካከሉ ሊኖር ይገባል። አዛዡን ፈርቶ ይህን የማይናገር ካህን ቢቀር ይሻላል። በኑዛዜ የሰማውን ደግሞ ለአዛዥም ለማንም አያወጣም፤ ከእሱ ጋር ይቀበራል።

አሁን ወደ ልጅዎ ልምጣ።

ከቅጥሩ በር እንዳይገባ የከለከለው ማን ነው? ከቁርባን መታቀብና ከቤተ ክርስቲያን መራቅ ለየቅል ናቸው። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በአራተኛው መቶ ዘመን ይኸው ጉዳይ ገጥሞት ነበር። አባቶቻችን በጦርነት መግደልን እንደ ነፍሰ ገዳይነት አልቆጠሩትም ይላል። አያይዞም፣ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለሦስት ዓመት ከቁርባን ብቻ ቢታቀቡ መልካም ነው ብሎ ይመክራል። "ብቻ" የምትለዋን ልብ ይበሉ። ጸሎቱ፣ ቅዳሴው፣ ስብከቱ አልተከለከለም። ባስልዮስ ወታደሩን ወንጀለኛ አላለውም፤ ምንም አልሆንክም ብሎም አልሸነገለውም። እኔ ይህን እወድለታለሁ። ልጅዎ ሕሊናው የሚነግረውን "ምንም አይደል፣ ግዳጅ ነው" ብለን ብናፍነው አይድንም።

ዛሬ በእኛ ዘንድ ስንት ጊዜ ይታቀብ፣ ምን ያህል ይስገድ፣ ምን ይመጽውት የሚለውን የሚወስነው የነፍስ አባቱ ነው። እኔ ከሩቅ ሆኜ ቀኖና አልሰጥም። ባስልዮስ ሦስት ዓመት ብሏልና ብለው እርስዎም እንዳይቆጥሩበት።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ልጁን ጎትተው ወደ ካህን አይውሰዱት። የነፍስ አባታችሁን ለቡና ይጥሯቸው። እሳቸው ጠበል ይርጩ፣ ቤቱን ይባርኩ፣ ከሁለተኛው ቡና በኋላ እርስዎ ሰበብ ፈልገው ወደ ጎረቤት ውጡ። "ገደልክ ወይ?" ብለው እርስዎም እኅቶቹም እንዳትጠይቁት፤ አደራ። ሲፈልግ ለካህኑ ይናገራል። በመጀመሪያው ቀን ዝም ቢል ካህኑ ሌላ ቀን ይምጡ።

የሞቱ ጓደኞች ይኖሩታል። ስማቸውን ጽፎ ይስጥ። የክርስትና ስማቸውን ካላወቀ ከቤተሰባቸው ይጠይቅላቸው፤ ፍትሐት የሚደረሰው በእሱ ነውና። ከመካከላቸው ሙስሊም ካለ ፍትሐት አይደረግለትም፤ ነገር ግን እናቱ ቤት ሄዶ ለቅሶ ይድረስ። ይህን ለወሎ ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ በቅሬ፣ በቀብር ማኅበራችን፣ አብረን ስንቀባበር የኖርን ነን። እንዲያውም ከዚያች እናት ጋር አንድ ቀን መቀመጥ ከብዙ ስግደት በላይ ልቡን ሊያለሰልሰው ይችላል።

ሌሊት የሚባንን፣ የበር ድምፅ የሚያስደነግጠው፣ መጠጥ ያበዛ ከሆነ ሐኪም ይየው። ጠበልና ሐኪም አይጣሉም። መድኃኒት ከታዘዘለት ጠበል ጀምሬያለሁ ብሎ እንዳያቋርጥ።

ስለ ጾሙ ብዙ አያስጨንቁት፤ ግዳጅ ላይ ያለ ሰው እንዴት እንደሚጾም የነፍስ አባቱ ያውቁለታል። በስልክ መናዘዝ ይቻላል ወይ የሚሉም ብዙ ናቸው። ስልክ ለምክር ይሁን፤ ኑዛዜው ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ሳያልቅ ከካህኑ ጋር ይገናኝ። ቀኖናውን እዚህ መጨረስ የለበትም። ውዳሴ ማርያሙንና ዳዊቱን ይዞ ይሂድ፤ ስግደቱን ካምፕም ይሰግደዋል።