በእንግሊዝ የባህር ዳርቻ ስለሚሸጠው ርካሽ ቤት ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በዕቁብና በቁጠባ 60 ሺህ ፓውንድ አጠራቅመሻል፣ ወለድ ውስጥ መግባት አትፈልጊም፣ በምሥራቅ እንግሊዝ ኖርፎክ የባህር ዳርቻ ሁለት መኝታ ያለው ባንጋሎ (ፎቅ የሌለው ቤት) በ55 ሺህ «ካሽ ብቻ» ተብሎ ወጥቷል፤ «ምን ጉድ ቢኖርበት ነው? ባህሩ ቢወስደውስ መንግሥት ካሣ አይከፍልም ወይ?» ብለሻል። ከጥያቄሽ ስር «ዕድልሽን አታሳልፊ» ያሉሽ ብዙ ናቸው። እኔ በዚያው አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን ስንከባከብ ቆይቻለሁ። እንዲህ ባሉ ቤቶች ውስጥ አልጋ አንጥፌያለሁ፣ ሻይ አፍልቻለሁ። ስለዚህ በግልጽ ልንገርሽ፤ አትግዢው። ካሣም የለም።

«ካሽ ብቻ» የተባለው ሻጩ ስለቸኮለ አይደለም። በእንዲህ ያለ ቤት ላይ ባንክ ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) ስለማይሰጥ ነው። ኢንሹራንሱም እንደዚያው ነው። ጎርፍ ቤትሽ ቢገባ መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ሊሸፍንልሽ ይችላል፤ መሬቱ ራሱ በባህር ተበልቶ ቢሄድ ግን አይሸፍንም። ባንክና ኢንሹራንስ የሸሹትን ኪሳራ ብቻሽን እንድትሸከሚ ነው ዋጋው የወረደው።

የዚያ ዳርቻ መሬት አለት አይደለም፤ የበረዶ ዘመን ጥሎት የሄደ ጭቃማ አፈርና አሸዋ ነው። ማዕበሉ ከስር ይበላዋል፣ ዝናቡ ከላይ ያርሰዋል፣ ከዚያ ተገምሶ ይወርዳል። ሻጩ «በዓመት አንድ ሜትር ነው የሚሄደው፣ ቤቱ ከጫፉ 25 ሜትር ይርቃል፣ ስለዚህ 25 ዓመት ትኖሪበታለሽ» ሊልሽ ይችላል። ባህር እንዲህ በዓመት ተከፋፍሎ አይበላም። ለዓመታት ሳይነካሽ ይቆይና በአንድ ሌሊት ብዙ ሜትር ይወስዳል። እዚያው ኖርፎክ ውስጥ ሄምስቢ በምትባለው መንደር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 በተነሳው ማዕበል ቤቶች ከአሸዋው ኮረብታ ላይ ወደ ታች ወደቁ። በማርች 2018 እንደገና ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ፣ ቤቶችም ፈረሱ። በ2023 ደግሞ ሌሎች ቤቶች ፈረሱ፤ ወደ ቤቶቹ የሚያስገባው መንገድም ተቆርሶ ሄደ።

መንገዱን ልብ በይው። ቤትሽ ከጫፉ ርቆ ቆሞ ሳለ መንገዱ ከተቆረሰ፣ የውሃውና የመብራቱ መስመር አብሮት ሊሄድ ይችላል፣ አምቡላንስም አይገባም። ያኔ ግድግዳሽ ሳይሰነጠቅ ውጪ ትባያለሽ።

እንከባከባቸው ከነበሩት አንዲት እንግሊዛዊት እናት ነበሩ። መንደራቸውን አልጠቅስም። ከባለቤታቸው ጋር የከተማ ቤታቸውን ሸጠው፣ በጡረታ ዘመናቸው ባህር እያዩ ሊኖሩ የገዙት ቤት ነው። ባልየው ሞቱ፣ ባህሩ ቀረበ። ከኩሽናው መስኮት ሲታይ ከሁለቱ የልብስ ማስጫ ብረቶች አንዱ ብቻ ቆሟል፤ ሌላው ከግቢው ጋር ወርዷል፣ ሽቦው በገደሉ ጫፍ ላይ ይወዛወዛል። የጓሮው በር ተቆልፎ፣ በጨለማ ረስተው እንዳይወጡበት ወንበር ተደግፎበታል። የፎቶ አልበሞቻቸውና የመድኃኒት ከረጢታቸው በፌስታል ተጠቅልለው ሁልጊዜ ከፊት ለፊቱ በር አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ንፋስ ከሰሜን በኩል በነፈሰ ቁጥር ሌሊቱን አይተኙም። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ጓሮውን አይተሽልኛል?» ብለው ነው። በመጨረሻ ውጡ ተባሉ፤ ጊዜያዊ መጠለያ ተሰጣቸው፣ ቤቱን ማሽን መጥቶ አፈረሰው። ዕድሜ ልካቸውን ከሠሩበት ገንዘብ አንድ ፓውንድ አልተመለሰላቸውም።

ሕጉ ነው እንዲህ ያደረገው። በ1949 የወጣው የባህር ዳርቻ ጥበቃ ሕግ ለአካባቢ አስተዳደሮች ዳርቻውን የመከላከል ሥልጣን ይሰጣቸዋል እንጂ ግዴታ አይጥልባቸውም። ለተወሰደ ቤት ካሣ የሚባል ነገርም በሕጉ የለም። ያለው እርዳታ ለማፍረሻ ነው፤ መንግሥት በአንድ ቤት እስከ 6,000 ፓውንድ ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) ይሰጣል። ማፍረሻው ከዚያ ከበለጠ ቀሪው ወደ ባለቤቱ ሊመጣ ይችላል። ቤትሽን አጥተሽ የፈረሰበትን ሒሳብም ልትጠየቂ ትችያለሽ ማለት ነው።

አንዱ ወንድማችን ከስር «እንግሊዝ አገር ነው፣ ሜዳ ላይ አይጥሉም» ብሏል። መንግሥት ለባቡር ወይም ለመንገድ ቤትሽን ቢፈልገው እውነቱን ነው፣ የገበያ ዋጋውን ይከፍልሻል። «ይህን ዳርቻ አንከላከልም፣ ባህሩ ይውሰደው» ብሎ በዕቅድ ሲወስን ግን ምንም አይከፍልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እያንዳንዱ የባህር ዳርቻ የአስተዳደር ዕቅድ አለው፤ የትኛው ግንብ እንደሚጠበቅ፣ የትኛው እንደሚተው በወረቀት የተጻፈ ነው። ገንዘቡ የሚመደበው በአብዛኛው ስንት ቤት ይድናል ተብሎ ተሰልቶ ስለሆነ ትንሽ መንደር ስሌቱን አያሟላም፣ ጉድለቱን ራሷ ፈልጊ ትባላለች። ሄምስቢ የድንጋይ መከላከያ ለመሥራት ፈቃድ አግኝታ በገንዘብ እጦት የቆመችው በዚህ ነው።

ሃፒስበርግ የሚባለውን የኖርፎክ መንደር እይ፤ የአገሬው ሰው ሄይዝብራ ይለዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የእንጨት መከላከያ በ1990ዎቹ ሲበሰብስ እንደ ድሮው አልተተካም፣ ከዚያ በኋላ ቢች ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ቤቶች ተራ በተራ ሄዱ። ከዚያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ምዕራብ ባክተን የጋዝ ማከፋፈያ አለ። እዚያ በ2019 ወደ 1.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ከባህር ወለል ተስቦ ዳርቻው ላይ ተደፋ። የጋዝ ኩባንያዎቹ ብዙውን ወጪ ሸፍነዋል፣ አጠገቡ ያሉ መንደሮችም ተጠቅመዋል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን የሚከፍል ሀብታም ጎረቤት ያለው እንደሚድን፣ የሌለው እንደሚቀር ያሳያል።

አንዳንድ ሰው «ባህር እያየ ለመኖር ለገዛ ሰው ከባህር ርቆ ሌስተር ከተማ ያለ የአውቶቡስ ሾፌር ለምን በታክሱ ይክፈል?» ይላል። መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ከሃፒስበርግ ገደል የሚወርደው አሸዋ አይጠፋም። ማዕበሉ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እየገፋ በሌሎች መንደሮች ፊት ያነጥፈዋል፤ ከኋላቸው ያለውን ዝቅተኛ መሬት ከጎርፍ የሚጠብቀው እሱ ነው። ገደሉን በግንብ ብታጥሪው ከታች ያሉት አሸዋ ያጣሉ። አንከላከልም ከተባለበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው፣ እኔም አልቃወመውም። ግን የአንዲት አሮጊት ግቢ እየፈረሰ የሌላውን ዳርቻ የሚጠብቅ ከሆነ ሒሳቡን ለምን እሷ ብቻ ትክፈል? ተጠቃሚው ብዙ ነው፣ ከፋዩ አንድ ሰው።

መክፈል እንደሚቻል ደግሞ ተሞክሮ ታይቷል። ከ2009 ጀምሮ በተካሄደ የመንግሥት ሙከራ ቢች ሮድ ላይ ዘጠኝ ቤቶች፣ አደጋው ባይኖር ኖሮ ከሚያወጡት ግማሽ ገደማ ተከፍሎ ተገዙ፣ ከዚያ ፈረሱ። ሰዎቹ ሌላ ቦታ መጀመሪያ የሚሆን ገንዘብ ይዘው ወጡ። ሙከራው አለቀ፣ በቋሚነት አልቀጠለም። በ2025 የወጣው ብሔራዊ ካርታ እንግሊዝ ውስጥ እስከ 2055 በዚህ አደጋ ውስጥ ያሉትን ቤቶችና ሕንፃዎች 3,500 ገደማ ያደርሳቸዋል። ለዚህ አገር የማይቻል ቁጥር አይመስለኝም።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ልብሽ አሁንም እዚያው ቤት ላይ ከሆነ፣ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲውን የባህር መሸርሸር ካርታ በፖስት ኮድ ክፈቺና ለዚያ ቦታ እስከ 2055 ምን እንደተወሰነ አንብቢ። ሶሊሲተርሽ (የቤት ግዢውን የሚያስፈጽምልሽ ጠበቃ) የተለመደውን ፍተሻ ብቻ አድርጎ እንዳያልፍ፣ ስለ ባህር መሸርሸር ለይቶ እንዲጠይቅልሽ በጽሑፍ ንገሪው። ሄደሽ ስታይ ቤቱን ብቻ አትይ፤ በእግርሽ እስከ ጫፉ ሂጂ፣ መንገዱ በየት በኩል እንደሚገባ እይ፣ ጎረቤት አንኳኪና ባለፈው ክረምት ምን ያህል እንደሄደ ጠይቂ። ቤቱን የሚያሻሽጠው ኤጀንት ያልነገረሽን እነሱ ይነግሩሻል፣ እዚያ ያሉ ሰዎች ደጎች ናቸው።

ወለዱን በተመለከተ፣ እዚህ አገር በሸሪዓ መሠረት ከአንቺ ጋር በሽርክና ቤት የሚገዙ ባንኮች አሉ። 60 ሺህ ለእነሱ ጥሩ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ገቢሽ ምን ያህል እንደሆነና የት ከተማ እንደምትሠሪ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ በዚያ መንገድ የገዛች ጓደኛዬን አገናኝሻለሁ።