ማለዳ አፍ የሚይዘው የቧንቧ ውኃ

ከቱሉ ዲምቱ የጻፉልን እናት እንደሚሉት፣ ማለዳ የሚቀዱት የመጀመሪያው ጆግ ውኃ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል፣ አፍ ይይዛል፣ ሲፈላም ቅባት የመሰለ ስስ ሽፋን ይንሳፈፍበታል፤ ጥቂት ከፈሰሰ በኋላ ግን ይጠራል። ችግሩ የጀመረው ከሮቶው ወደ ወጥ ቤት የሚወርደው መስመር ከተጠገነ ወዲህ ነው።

ጥቂት ሲፈስ የሚጠራ ከሆነ ጥርጣሬዬ ከከተማው መስመር ይልቅ በቤትዎ ቧንቧ ላይ ነው። ያ ሽፋን ዚንክ በሊትር ከ3 እስከ 5 ሚሊግራም ሲደርስ የሚታይ ምልክት ነው። ዚንኩ በዚህ መጠን ጣዕም ከማበላሸት እምብዛም አያልፍም፤ የሚያሳስበኝ አብሮት ሊመጣ የሚችለው፣ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳው እርሳስ ነው። ስለዚህ አደራ፣ ማፍላት እርሳስን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይጠናል።

ነገሩን ላብራራው። ጋልቫናይዝድ ቱቦ እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲሆን በልባጡ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ይህ ቱቦ ከናስ መጋጠሚያ ጋር በቀጥታ ሲታሰር ሁለቱ ብረቶች ውኃው ውስጥ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ናሱ ሳይነካ ዚንኩ ይበላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ከሮቶ የወረደው ውኃ ሌሊቱን ቱቦው ውስጥ ቆሞ ስለሚያድር የተበላው ሁሉ እዚያው ይጠራቀምና ማለዳ ጆግዎ ውስጥ ይወርዳል። በቅርቡ ከፈታሁት መስመር የወጣች አንዲት ኒፕል (ሁለት ቱቦ የምታገናኝ አጭር የቱቦ ቁራጭ) በጥፍር ስትጫር ነጭ ዱቄት ታራግፍ ነበር፤ ከናስ ጋር ያሰራት ሰው የቆጠበው ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም።

የሮቶውን ቫልቭ ዘግተው የተጠገነውን ክፍል ይፍቱት። ማግኔት የያዘው ብረት ነው፤ ናስን አይዝም። ብረቱን በሙሉ አውጥተው ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ይተኩት፤ ቁራጭ አስቀርቶ መቀጠል የቀድሞውን ጥፋት መድገም ነው። የቧንቧውን አፍ ወንፊትም ፈትተው ይጠቡ፤ ፍርፋሪው እዚያ ይቀራል። በቅናሽ የሚሸጡ ቀላል የናስ ቧንቧዎችም እርሳስ ስለማያጡ ወጥ ቤት ውስጥ አይግጠሟቸው።

እስኪጠገን የማለዳውን ውኃ በባልዲ አጠራቅመው ለልብስና ለሽንት ቤት ያውሉት። ለሕፃን ወተት አፍልቼዋለሁ ብለው እንዳይጠቀሙበት ደግሜ እለምንዎታለሁ። ላቦራቶሪ ከወሰዱት ሌሊቱን ከቆመው አንድ፣ ካፈሰሱ በኋላ አንድ ናሙና ይያዙ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው።